የዶሮ እንቁላል ማስፈልፈል፦ በወገዳና በአካባቢው ለሚገኙ ጀማሪ አርቢዎች የተዘጋጀ መረጃ

በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን፣ በስማዳ ወረዳ መቀመጫ በወገዳና በአጎራባቾቹ በጋይንትና በእስቴ ወረዳዎች እንደ ሌላው የክልሉ ገጠር ሁሉ ዶሮ የአብዛኛው ቤተሰብ ሀብት ነው። ከእንቁላል የሚገኘው ገቢ በአብዛኛው በቤት እመቤቷ እጅ የሚገባ ሲሆን፣ ጨውና ሳሙና እንዲሁም ለተማሪ ልጆች ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛበት ነው። ስለሆነም ለመፈልፈል የተቀመጠ እያንዳንዱ እንቁላል ለገበያ ሳይቀርብ የቀረ እንቁላል በመሆኑ፣ ሳይፈለፈል ሲቀር ጉዳቱ ወዲያውኑ በቤት ውስጥ ይታያል።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ለዶሮ እርባታ የተሰጠው ትኩረት ከፍ ያለ ሲሆን፣ የራሳቸውን ጫጩት አስፈልፍለው ለማሳደግም ሆነ ለመሸጥ የሚፈልጉ ቤተሰቦችና ወጣቶች አሉ። ይህ መረጃ ሥራውን ለመጀመር ያሰቡ ዜጎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይዟል።

21ዱ ቀናት

የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀናት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው እንቁላሉ ሙቀት ካገኘበት ሰዓት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቀን የሚሞላው በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። 21 ቀን ሦስት ሙሉ ሳምንት ስለሆነ፣ ሰኞ የተቀመጠ እንቁላል በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ይፈለፈላል ተብሎ ይጠበቃል። ይህን ማስታወስ የቀን ቆጠራ ስሕተትን ያስቀራል።

በነዚህ ቀናት ውስጥ ፅንሱ በፍጥነት ያድጋል። በሦስተኛው ቀን ልቡ መምታት ጀምሮ የደም ሥሮቹ በአስኳሉ ላይ ይዘረጋሉ። በሁለተኛው ሳምንት ላባ ማብቀል ይጀምራል። ከ14ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ጭንቅላቱን የአየር ኪስ ወዳለበት ወደ ሰፊው የእንቁላል ጫፍ ያዞራል። በ19ኛውና በ20ኛው ቀን የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባል፤ የአየር ኪሱን ሽፋን ቀዶም በሳንባው መተንፈስ ይጀምራል። ወደ ሆዱ የገባው አስኳል ከተፈለፈለ በኋላ ለሁለት ቀናት ያህል ስንቅ ይሆነዋል።

ዘር የያዘ እንቁላል መምረጥ

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዚህ ደረጃ ነው። ለምግብ እንቁላል ብቻ ከሚያመርቱ እርባታዎች የሚወጣው እንቁላል አውራ ሳይኖር የተጣለ ስለሆነ፣ ምንም ያህል ቢሞቅ ጫጩት አይወጣውም። ከሱቅ ወይም ከገበያ ምንጩ ሳይታወቅ የተገዛ እንቁላልም አስተማማኝ አይደለም። እንቁላሉ መሰብሰብ ያለበት አውራ ዶሮ ከሚገኝበት መንጋ ሲሆን፣ ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ ሴት ዶሮዎች አንድ ጤናማ አውራ ይበቃል። አውራው መንጋውን ከተቀላቀለ በኋላ እንቁላል ለመሰብሰብ አንድ ሳምንት ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል።

የሚከተሉት የመምረጫ መስፈርቶች ናቸው፦

• መካከለኛ መጠንና የተለመደ ቅርጽ ያለው፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀና ያልሳሳ መሆን አለበት፤ በጣም ትልቅ፣ በጣም ትንሽ ወይም ክብ የሆነ አይመረጥም።
• ንጹሕ መሆን አለበት። የቆሸሸን እንቁላል በውሃ ማጠብ በቅርፊቱ ላይ ያለውን የተፈጥሮ መከላከያ ስለሚያነሣ፣ ጀርም በቀዳዳዎቹ እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። ጥቂት ቆሻሻ በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ኩስ የበዛበት ለማስፈልፈል አይውልም።
• ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው ይመረጣል። ከ10 ቀን በላይ ሲቆይ የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል።
• እስኪቀመጥ ድረስ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቆያል። ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ መቀመጥ የለበትም።

የዝርያ ጉዳይም ሊታሰብበት ይገባል። ኮኮክና ፋዮሚን የመሰሉ ንጹሕ ዝርያዎች የሚሰጡት ጫጩት የወላጆቹን ጠባይ ይይዛል። እንደ ሳሶና ቦቫንስ ብራውን ያሉ የተዳቀሉ ዶሮዎች ግን ከተመረጡ የዘር መስመሮች የተገኙ በመሆናቸው፣ ከራሳቸው እንቁላል የሚፈለፈለው ጫጩት የእናቱን ምርታማነት እንደሚደግም መጠበቅ አይቻልም። እነዚህን ዝርያዎች የሚፈልግ አርቢ ጫጩቱን ከታወቀ አራቢ ድርጅት ወይም ከብዜት ማዕከል ቢገዛ ይመረጣል።

በታቃፊ ዶሮ ማስፈልፈል

ጥቂት እንቁላል ላለውና ኤሌክትሪክ ለማያገኝ ወይም ለሚቋረጥበት ጀማሪ በሀገረሰብ ታቃፊ ዶሮ መጀመር ይመከራል። ዶሮዋ ሙቀቱንና እርጥበቱን በሰውነቷ ትጠብቃለች፤ እንቁላሉንም ራሷ ታገላብጣለች፤ የተፈለፈሉትንም ታሳድጋለች።

የምትመረጠው ዶሮ ቀደም ሲል አቅፋ የፈለፈለች፣ ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ከጎጆዋ በቀላሉ የማትነሣ መሆን አለባት። ጎጆዋ በእንቅብ ወይም በገል ላይ ንጹሕና ደረቅ ጭድ ተነጥፎ፣ ጨለም ባለና ከሰውና ከከብት እንቅስቃሴ በራቀ ጥግ ይዘጋጃል። ከመታቀፏ በፊት በላባዋ ሥር ቅማልና ቁንጫ አለመኖሩ ይታያል፤ ተባይ ያስቸገራት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለችና። አንዲት የሀገረሰብ ዶሮ ከራሷ እንቁላል ከ10 እስከ 13፣ ከፍ ካለው የተሻሻለ ዝርያ እንቁላል ደግሞ ከ8 እስከ 10 በሚገባ ትሸፍናለች። ከዚህ በላይ ሲጨመር ዳር ያሉት በየተራ እየቀዘቀዙ ሁሉም ይጎዳሉ። እንቁላሉ ማታ ቢቀመጥላት በቀላሉ ትለምዳለች። ጥራጥሬና ንጹሕ ውሃ በአቅራቢያዋ መኖር አለበት።

የዚህ ዘዴ ጉድለት ጊዜ መውሰዱ ነው። የሀገረሰብ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል የምትጥል ሲሆን፣ በምታቅፍበትና ጫጩት በምታሳድግበት ወራት መጣል ታቆማለች። ሁለት ወይም ሦስት ዶሮዎችን በአንድ ቀን አስታቅፎ፣ የተፈለፈሉትን በሌሊት ለአንዷ በመስጠት ሌሎቹ ወደ መጣል ቶሎ እንዲመለሱ ማድረግ ይቻላል።

በመሣሪያ ማስፈልፈል

ሰው ያለ ዶሮ እርዳታ እንቁላል ማስፈልፈል የጀመረው ከጥንት ዘመን ነው። በግብፅ ከጭቃ ጡብ በተሠሩ ምድጃዎች በብዛት ይፈለፈል ነበር፤ ባለሙያዎቹም ሙቀቱን የሚለኩት እንቁላሉን ከዐይን ሽፋናቸው ጋር በማስነካት ነበር። ዛሬ ሥራውን ቴርሞሜትርና የሙቀት መቆጣጠሪያ ይሠሩታል፤ መሠረቱ ግን አሁንም ሙቀት፣ እርጥበት፣ አየርና ማገላበጥ ነው።

*ሙቀት፦* አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ባለው መሣሪያ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይያዛል። ማራገቢያ በሌለው መሣሪያ ላይኛውና ታችኛው አየር እኩል ስለማይሞቅ፣ በእንቁላሉ አናት ትክክል ሲለካ ከ38.3 እስከ 38.9 ዲግሪ መሆን አለበት። ከመጠን በላይ መሞቅ ከመቀዝቀዝ የበለጠ ይጎዳል። የመሣሪያው ቴርሞሜትር ትክክል ማሳየቱ የሰው ትኩሳት ከሚለካበት ቴርሞሜትር ጋር በማስተያየት ይረጋገጣል።

*እርጥበት፦* እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 እስከ 75 በመቶ ይሆናል። እርጥበቱን የሚጨምረው የውሃ ሣህኑ ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም። የሚጨመረው ውሃ ለብ ያለ ይሁን።

*አየር፦* ፅንሱ ስለሚተነፍስ የመሣሪያው የአየር ቀዳዳዎች መዘጋት የለባቸውም።

*ማገላበጥ፦* ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር እንዳይጣበቅ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ቢቻል አምስት ጊዜ ይገላበጣል። ቁጥሩ ጎደሎ የሚደረገው እንቁላሉ ረጅሙን የሌሊት ሰዓት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ብቻ እንዳያሳልፍ ነው። በአንዱ ጎን የመስቀል፣ በሌላው የክብ ምልክት በእርሳስ ማድረግ ያልተገላበጠውን ለመለየት ይረዳል።

መሣሪያው ከመጫኑ በፊት በሳሙናና በተበረዘ በረኪና ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያም እንቁላል ሳይገባበት ለ24 ሰዓት እየሠራ ሙቀቱ መርጋቱ ይታያል። ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ እንቁላል ላብ እንዳያወጣ አስቀድሞ ለጥቂት ሰዓታት በቤት ውስጥ ሙቀት ይቆያል። መሣሪያው ፀሐይና ነፋስ በማያገኘው ጠፍጣፋ ቦታ ይቀመጣል።

የአካባቢው ከፍታ የሚያመጣው ልዩነት

አካባቢው ከአባይና ከበሽሎ ወንዞች ቆላማ ሸለቆዎች አንሥቶ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ እስከሚደርሰው የጉና ተራራ የሚዘልቅ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ውሃም ቶሎ ይተናል። በመሆኑም በነፋስ መውጫና በመሳሰሉት ደጋማ ቦታዎች የሚሠራ አርቢ የውሃ ሣህኑን በየዕለቱ ሊከታተል፣ ብርዱን በመፍራትም የአየር ቀዳዳዎችን ከመዝጋት ሊቆጠብ ይገባል። በደጋ ተወልደው ያደጉ ዶሮዎች እንቁላል ከቆላ ከመጣ እንቁላል ይልቅ በደጋ የተሻለ ይፈለፈላል። ስለዚህ እንቁላሉን ከዚያው አካባቢ መሰብሰብ የመጓጓዣ ወጪንና ጉዳትን ከማስቀረቱም በላይ ለውጤቱ ይበጃል።

መብራት ሲቋረጥ

ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ የመሣሪያው በር አይከፈትም። መሣሪያው የአየር ቀዳዳዎቹን በማይሸፍን ሁኔታ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፈናል። መቋረጡ ከረዘመ የሞቀ ውሃ የያዙ ጠርሙሶች እንቁላሉን ሳይነኩ በውስጡ ይቀመጣሉ፤ ቴርሞሜትሩም ከ38 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠበቃል። ከሰል ወይም ኩራዝ በተዘጋ ክፍል ማንደድ ለሰውም ለፅንሱም አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ለጥቂት ሰዓታት የቀዘቀዘ እንቁላል ሞቷል ተብሎ መጣል የለበትም። መብራቱ ሲመለስ ሥራው ይቀጥላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በብርሃን ተመርምሮ ይወሰናል። መፈልፈሉም በአንድ ቀን ያህል ሊዘገይ ይችላል። መቋረጡ ተደጋጋሚ በሆነበት አካባቢ አማራጭ የኃይል ምንጭ ሳይዘጋጅ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል መጫን አይመከርም።

በብርሃን መመርመር

በ7ኛውና በ18ኛው ቀን፣ በጨለማ ክፍል፣ የእጅ ባትሪ ወይም የሞባይል ስልክ መብራት በካርቶን ጥቅል ውስጥ አልፎ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። በ7ኛው ቀን እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ደም ሥሮችና በመካከላቸው ጥቁር ነጥብ ከታዩ ፅንሱ ሕያው ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው ዘር ያልያዘ ሲሆን፣ ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ደግሞ ፅንሱ መሞቱን ያመለክታል። ሁለቱም ዓይነቶች ይወጣሉ፤ የሞተው ፈንድቶ ሌሎቹን ሊበክል ይችላልና። ቅርፊቱ ቡናማ በመሆኑ በግልጽ ያልታየ እንቁላል ለጥቂት ቀናት ተትቶ እንደገና ይታያል። በ18ኛው ቀን ከአየር ኪሱ በቀር ውስጡ ጨለማ ሆኖ መታየት አለበት።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት

ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጥ ይቆማል፤ እርጥበቱ ከፍ ይደረጋል፤ በሩም አይከፈትም። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከውስጥ ከነቆረ በኋላ እስኪወጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ቀስ የሚለው በቅርፊቱ ሽፋን ውስጥ ያለው ደምና የቀረው አስኳል ወደ ሰውነቱ እስኪገባ ስለሚጠብቅ ነው። አርቢው በርኅራኄ ቅርፊቱን ቢልጥለት ደም ሊፈሰውና ሊሞት ይችላል። በሩ በተከፈተ ቁጥርም እርጥበቱ ስለሚያመልጥ ገና ያልወጡት በደረቀ ሽፋን ውስጥ ተጣብቀው ይቀራሉ። የወጡት ላባቸው እስኪደርቅ በመሣሪያው ውስጥ ይቆያሉ፤ ከአስኳሉ ያገኙት ስንቅ ስላለ አይራቡም።

ውጤቱን መመዝገብና ማመዛዘን

እያንዳንዱ ዙር በደብተር ሊመዘገብ ይገባል። ለምሳሌ ከተቀመጡ 60 እንቁላሎች በ7ኛው ቀን 9 ጥርት ብለው ከተገኙ ዘር የያዙት 51፣ ማለትም 85 በመቶ ናቸው። ከነዚህ 38 ጫጩቶች ቢወጡ፣ ዘር ከያዙት 75 በመቶ ያህሉ፣ ከተቀመጡት ሁሉ ግን 63 በመቶዎቹ ተፈልፍለዋል ማለት ነው። የአንድ ጫጩት ወጪ የሚሰላው ለ60ዎቹም የወጣው ገንዘብ ለ38 ተካፍሎ ነው።

ጥርት ያለ እንቁላል ከበዛ ችግሩ በአብዛኛው ከአውራው ወይም ከመንጋው አያያዝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱ ከበዙ የእንቁላሉ ክምችትና መጓጓዣ፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት ይመረመራል። ተሟልተው በቅርፊት ውስጥ የሞቱ ከበዙ ደግሞ እርጥበት፣ አየርና ማገላበጥ ይታያሉ። ከ21ኛው ቀን አስቀድመው የሚወጡ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፤ የሚዘገዩ ከሆነ አንሷል።

ጫጩቶችን መቀበል

የጫጩት ማሳደጊያው ከመፈልፈያው ቀን በፊት ተዘጋጅቶ መሞቅ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከቴርሞሜትሩ በተጨማሪ የጫጩቶቹ ሁኔታ ይታያል፦ ተጠጋግተው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚያለከልኩና ከሙቀቱ የሚሸሹ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው የሚበሉና የሚተኙ ከሆነ ተስማምቷቸዋል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ በኤክስቴንሽን ሥራ «ሃይ ቦክስ» በሚል የሚታወቀውና ዙሪያው በደረቅ ሣር የታጨቀ ሣጥን የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ ይችላል።

ለጫጩቶቹ አስቀድሞ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ይቀርባል፤ ገብተው እንዳይሰምጡም በውሃ መጠጫው ውስጥ ጠጠር ይደረጋል። ከዚያ የጫጩት መኖ ይሰጣል። የተዘጋጀ መኖ በማይገኝበት ቦታ የተፈጨ በቆሎ ወይም ማሽላ ከኑግ ፋጉሎና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ለጊዜው ያገለግላል፤ እህል ብቻውን ግን አይበቃም። ማደሪያቸው ጭልፊትና ሸለመጥማጥ ሊገባበት የማይችል መሆን አለበት።

በመላ ሀገሪቱ የሀገረሰብ ዶሮን በብዛት የሚጨርሰው ፈንግል ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚመረት ሲሆን፣ በሽታው ከገባ በኋላ ፈውስ ስለሌለው አስቀድሞ ማስከተብ ብቸኛው አስተማማኝ መከላከያ ነው። የፈንግል፣ የጉምቦሮና የማሬክስ ክትባቶች የሚሰጡበት ዕድሜና መጠን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ይወሰናል።

መቼ ይጀመር?

በክረምት ብርድና እርጥበት ጫጩቶችን ይጎዳል፤ ፈንግልም ብዙ ጊዜ በክረምት መግቢያ ይበረታል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጀማሪ ይመረጣል። የበዓል ገበያን ያሰበ አርቢ ወደ ኋላ መቁጠር ይኖርበታል። ጥር 1 ቀን የተቀመጠ እንቁላል ጥር 22 ቀን ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም ለመስከረም 1 የአዲስ ዓመት ገበያ ሰባት ወር ተኩል ያህል ይሞላዋል። በዚህ ዕድሜ ወንዱ ለገበያ፣ ቄቧም ለመጣል ደርሰዋል።

አገልግሎት የሚገኝባቸው ቦታዎች

ጀማሪ አርቢ በመጀመሪያ በቀበሌው ወደሚገኘው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ሄዶ የእንስሳት ልማት ባለሙያውን ቢያነጋግር ይመከራል። የዝርያ፣ የመኖና የክትባት ጥያቄዎች በወረዳው የእንስሳት ዘርፍ ጽሕፈት ቤትና በእንስሳት ጤና ኬላዎች ይስተናገዳሉ። በማኅበር ተደራጅተው ለመሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች የወረዳውን ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። በክልሉ በባሕር ዳር አቅራቢያ በአንዳሳ እንዲሁም በኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከላት የሚገኙ ሲሆን፣ ጫጩት የሚቀርብበትን ጊዜና ዋጋ ጉዞ ከመጀመር በፊት በወረዳው በኩል ማጣራት ያስፈልጋል።

አገልግሎት ፈላጊው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ ያሉትን ዶሮዎች ብዛትና ዝርያ፣ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱን ሁኔታ፣ ቀደም ሲል አስፈልፍሎ ከሆነም የዙሩን መዝገብ ይዞ ቢቀርብ ባለሙያው ተገቢውን ምክር ለመስጠት ይችላል። መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ በአንዲት ታቃፊ ዶሮና በአሥር እንቁላሎች አንድ ዙር ቢሞክር፣ 21ዱን ቀናት በትንሽ ወጪ ይማርባቸዋል።